የዕድል ሙከራ ትርፍና ኪሳራ በገቢ ግብር ሕግ ፊት

በመተማ ዮሐንስና በዙሪያዋ ባሉት የምዕራብ ጎንደር ቆላማ ወረዳዎች የሚነግድ ሰው ከዕድል ጋራ ያልታገለ የለም። ሰሊጥና ጥጥ የሚዘራው ገበሬ ዝናቡን፥ ሰሊጥ የሚሰበስበው ነጋዴ የመኸሩን ዋጋ፥ ዕቃ የሚያስገባውና የሚያስወጣው የጠረፍ ነጋዴ ደግሞ የገላባትን መንገድ መከፈትና መዘጋት ሲጠባበቅ ይኖራል። ከዚህ የተነሣ «ንግድ ራሱ ቁማር ነው» የሚል አነጋገር በገበያ ሰዎች ዘንድ ቢሰማ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ይህ አነጋገር ለወግ ያህል የሚነገር እንጂ በግብር ሕግ ፊት የሚጸና አይደለም። ሕጉ በንግድ የሚገኘውን ትርፍና በዕድል ሙከራ የሚገኘውን ገንዘብ በተለያየ ሚዛን ይመዝናቸዋል፤ ይልቁንም በንግድ የጠፋውንና በጨዋታ የጠፋውን ገንዘብ ከቶ አያቀላቅላቸውም። ይህን ልዩነት ያልተገነዘበ ነጋዴ በጨዋታው ከጠፋበት ገንዘብ በላይ በሒሳብ መዝገቡ ስሕተት ሊጎዳ ይችላል።

1ኛ/ የሕጉ መሠረት

በአገራችን ሎተሪ በመንግሥት አስተዳደር ሥር ሆኖ መካሄድ የጀመረው የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ነው። መሥሪያ ቤቱ በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 535 እንደ ገና ተቋቁሟል። ከዘመን ወደ ዘመን የዕድል ሙከራው ዐይነት እየበዛ ሄዶ፥ ከመደበኛው ሎተሪና ከቶምቦላ አልፎ፥ ተፍቆ የሚታየው ፈጣን ሎተሪ፥ ቢንጎና በተለምዶ «ቤቲንግ» የሚባለው የስፖርት ውርርድ ተጨምረዋል። ዛሬ ውርርዱ በእጅ ስልክም ስለሚካሄድ፥ ከዋና ከተማው ርቆ በጠረፍ የሚኖረው ሱቅ ጠባቂ እንኳ ከመደብሩ ሳይነሣ ሊወራረድ ይችላል።

በዚህ መንገድ የሚገኘውን ገንዘብ ግብር የማስከፈል ሥልጣን የማን እንደ ሆነ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 96 ወስኗል። በዚያ አንቀጽ መሠረት ከብሔራዊ ሎተሪና ከሌሎች የዕድል ሙከራዎች በሚገኝ ገቢ ላይ ግብር የሚጥለውና የሚሰበስበው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። በግል የሚነግድ ሰው ከንግዱ የሚያገኘው ትርፍ ግን በአንቀጽ 97 መሠረት ለክልሉ የተሰጠ ነው። ስለዚህ በመተማ ዮሐንስ በስሙ ፈቃድ አውጥቶ የሚነግድ ሰው የንግዱን ግብር ለክልሉ ገቢ ሰብሳቢ ሲከፍል፥ ሎተሪ ቢደርሰው ግን ግብሩ የሚሄደው ወደ ሌላ ካዝና ነው። ሁለቱ ገቢዎች ገና ከምንጫቸው የተለያዩ መሆናቸውን ይህ ብቻ እንኳ ያስረዳል።

2ኛ/ ግብሩ እንዴት እንደሚታሰብ

በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 በሎተሪ፥ በቶምቦላና በመሳሰሉት የዕድል ሙከራዎች በተገኘ ገንዘብ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር፤ ከ100 ብር በታች የሆነውን ግን ነጻ አድርጎት ነበር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 979 በአንቀጽ 57 ይህንኑ 15 በመቶ አጽንቶ፥ ነጻ የሚሆነውን መጠን ወደ 1,000 ብር ከፍ አደረገው። ከዚያ በኋላ በ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1395 ስለ ተሻሻለ፥ ማንኛውም ነጋዴ ዛሬ የሚሠራበትን መቶኛና ነጻ የሚሆነውን መጠን ከግብር ሰብሳቢው ጽሕፈት ቤት ጠይቆ መረዳት ይገባዋል። ከዚህ በታች ያሉት ምሳሌዎች የተሠሩት በ2008ቱ አዋጅ መቶኛ ነው፤ ዓላማቸውም የአሳሰቡን መንገድ ማሳየት ነው።

በአዋጁ ውስጥ ዋናውን ነገር የያዘው ቃል «ጠቅላላ» የሚለው ነው። ግብሩ የሚታሰበው በተገኘው ጠቅላላ ገንዘብ ላይ እንጂ፥ ተጫዋቹ ለጨዋታው ያወጣው ገንዘብ ተቀንሶ በሚቀረው ላይ አይደለም። ሽልማቱን የሚከፍለው ድርጅት ግብሩን ከመክፈሉ በፊት ቀንሶ ያስቀርና ለግብር ሰብሳቢው ያስገባል። ይህም የመጨረሻ ግብር ስለ ሆነ፥ ባለ ዕድሉ ያንኑ ገንዘብ በዓመቱ መጨረሻ ከንግድ ትርፉ ጋራ ደምሮ ሁለተኛ ግብር አይከፍልበትም።

ምሳሌ፤ አንድ ሰው በአንድ ወር ውስጥ በስፖርት ውርርድ ስድስት ጊዜ እያንዳንዱን በ1,000 ብር ተወራርዶ ሁሉንም ተሸነፈ እንበል። በሰባተኛው ጊዜ 5,000 ብር ደረሰው። በሰውየው አስተሳሰብ 6,000 ብር አውጥቶ 5,000 ስላገኘ ገና 1,000 ብር ከስሯል፤ እንግዲህ ምን ትርፍ አለኝና ግብር እከፍላለሁ ይላል። ሕጉ ግን የሚያየው የደረሰውን 5,000 ብር ብቻ ነው። ከዚህ 15 በመቶ፥ ማለት 750 ብር፥ ተቀንሶ በእጁ የሚገባው 4,250 ብር ይሆናል። የወሩ እውነተኛ ኪሳራ፥ ለሰባተኛው ውርርድ የከፈለው ሳይቆጠር፥ 1,750 ብር ነው። 1,000 ብሩ ነጻ ነውና ግብሩ በ4,000 ላይ ብቻ ይታሰብ የሚል ክርክርም አያዋጣም፤ ነጻነቱ የተሰጠው ለአነስተኛ ሽልማት እንጂ ከትልቁ ሽልማት ላይ ተቀንሶ እንዲታሰብ አይደለም።

ሽልማቱ በገንዘብ ሳይሆን በዕቃ ሲሆንም ገቢ መሆኑ አይቀርም። መኪና ወይም ሌላ ዕቃ የደረሰው ሰው ገቢው የሚገመተው በዕቃው የገበያ ዋጋ ነው።

3ኛ/ ኪሳራው ስለ ምን አይቀነስም?

የገቢ ግብር ሕጋችን ገቢን በሠንጠረዥ ይከፍለዋል። የቅጥር ደመወዝ በሠንጠረዥ «ሀ»፥ የቤት ኪራይ በሠንጠረዥ «ለ»፥ የንግድ ትርፍ በሠንጠረዥ «ሐ»፥ የዕድል ሙከራን የመሳሰሉ ሌሎች ገቢዎች በሠንጠረዥ «መ» ይመደባሉ። እያንዳንዱ ሠንጠረዥ የራሱ አጥር ያለው እርሻ ነው፤ በአንዱ የጠፋውን በሌላው መተካት አይቻልም።

በሠንጠረዥ «ሐ» ውስጥ ወጪ የሚቀነሰው የንግዱን ገቢ ለማግኘት፥ ለማስጠበቅና ለማስቀጠል የግድ የወጣ ሲሆን ነው። የመጋዘን ኪራይ፥ የጆንያ ዋጋ፥ የማበጠሪያ ክፍያ፥ የጫኝና አውራጅ ሒሳብ፥ የመኪና ጭነት፥ እነዚህ ሁሉ ባይከፈሉ ሰሊጡ ከመተማ ወደ ገዢው አይደርስም ነበር። ውርርዱ ባይደረግ ግን ከንግዱ የሚጎድል ምንም ነገር የለም። ስለዚህ በውርርድ የጠፋው ገንዘብ እንደ ግል ፍጆታ ይቆጠራል፤ ለድግስ ወይም ለቤት አስቤዛ ከወጣው ገንዘብ አይለይም።

4ኛ/ የንግድ አደጋና ቁማር

እዚህ ላይ ሰሊጥ ነጋዴው የሚያነሣው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ዋጋ ይወጣል ብዬ ሰሊጥ ገዝቼ ባስቀምጥና ዋጋው ቢወርድ ኪሳራዬ እንደ ቁማር ይታይብኛልን?» የሚል ነው። መልሱ አይታይም ነው። ምሳሌ፤ ነጋዴው በኅዳር ወር 100 ኩንታል ሰሊጥ ገዝቶ ካስቀመጠ በኋላ በየካቲት በእያንዳንዱ ኩንታል 500 ብር ከስሮ ቢሸጥ፥ 50,000 ብር የንግድ ኪሳራ ደርሶበታል። ይህ ኪሳራ ከዓመቱ ሌላ የንግድ ትርፉ ላይ ይቀነስለታል፤ ዓመቱ በሙሉ ኪሳራ ከሆነበትም ሕጉ በሚያዝዘው ወሰንና ሥርዓት ወደሚቀጥለው ዓመት ሊተላለፍለት ይችላል።

ልዩነቱ በአደጋው ትልቅነትና ትንሽነት አይደለም። ሰሊጥ ነጋዴው ዕቃ ገዝቷል፤ ዕቃውን ጠብቋል፤ ከአምራቹ ወደ ገዢው በማድረስ አገልግሎት ሰጥቷል፤ ለዚህም ፈቃድ፥ ደረሰኝና የመጋዘን ማስረጃ አለው። ተወራራጁ ግን ያልገዛውን፥ ያልያዘውንና ያላሻሻለውን ነገር መጨረሻ ገምቶ ገንዘቡን አስይዟል። ሁለቱም ሌሊቱን እንቅልፍ ቢያጡም፥ የመጀመሪያው ነጋዴ ነው፤ ሁለተኛው ተጫዋች ነው።

ነገር ግን ሰሊጥ ነጋዴው ይህን መብት የሚያገኘው ማስረጃ ሲኖረው ብቻ ነው። የገዛበትን ዋጋ የሚያሳይ ወረቀት የሌለው ሰው «ዋጋ ወርዶብኝ ከሰርሁ» ቢል፥ መርማሪው እውነተኛውን የንግድ ኪሳራ በሌላ መንገድ ከጠፋ ገንዘብ የሚለይበት ምልክት የለውም። በመኸር ጊዜ በችኮላ የሚደረገው ግዢ በማስረጃ ሊደገፍ የሚገባውም ስለዚህ ነው።

5ኛ/ በሒሳብ መዝገብ ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ

ነጋዴዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁበት ጉድጓድ በዚህ ክፍል ያለው ነው።

ምሳሌ፤ አንድ ነጋዴ በዓመቱ 900,000 ብር ሽያጭ፥ 720,000 ብር የዕቃ መግዣና 80,000 ብር ሌላ የንግድ ወጪ አለው እንበል። ትርፉ 100,000 ብር ነው። በዓመቱ ውስጥ ግን ከካዝናው 40,000 ብር እየወሰደ በውርርድ አጥፍቷል። ጥሬ ገንዘቡ ከመዝገቡ ጋራ አልስማማ ሲለው 40,000 ብሩን «ልዩ ልዩ ወጪ» ብሎ ጻፈው፤ ትርፉም 60,000 ብር መሰለ። መርማሪው መጥቶ የ«ልዩ ልዩ ወጪ»ን ደረሰኝ ሲጠይቅ አንድም አልተገኘም። ወጪው ይሰረዛል፤ ግብሩ በ100,000 ብር ላይ ይታሰባል፤ ከዚህም በላይ ጉድለቱን በማሳነስ ቅጣትና ወለድ ይጨመርበታል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የአንዱ መስመር ሐሰት መሆን የቀሩትን እውነተኛ መስመሮች ማስጠርጠሩ ነው።

ትክክለኛው አጻጻፍ ቀላል ነው። ባለቤቱ ከካዝና ለግሉ የወሰደው ገንዘብ «ባለቤቱ ለግል የወሰደው» ተብሎ ከካፒታሉ ላይ ይቀነሳል፤ በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ አይገባም። በዚህ ዐይነት መዝገቡ እውነተኛ ይሆናል፤ ነጋዴውም በዓመት ስንት ብር እንደ ጠፋበት በዓይኑ ያየዋል። ድርጅቱ የማኅበር ሲሆን ነገሩ ይጠብቃል፤ የማኅበር ገንዘብ የአንድ ባለ ድርሻ አይደለምና፥ የወሰደው ሰው የማኅበሩ ባለ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል። ገንዘብ ያዥ የተቀጠረ ሰው የመደብሩን ገንዘብ ወስዶ ቢወራረድበትም፥ በጊዜው «ከገንዘብ ያዥ የሚፈለግ» ተብሎ በስሙ ይጻፋል እንጂ በወጪ ስም አይሸፈንም።

የተገኘ ገንዘብም እንደ ጠፋው ሁሉ ጥንቃቄ ያሻዋል። አንድ ባለ መደብር 200,000 ብር የሎተሪ ዕጣ ደርሶት 30,000 ብር ግብር ተቀንሶ 170,000 ብር ተቀበለ እንበል። ገንዘቡን በመደብሩ የባንክ ሒሳብ አስገብቶ ሰሊጥ ገዛበት። ከሁለት ዓመት በኋላ መርማሪው የባንኩን መግለጫ ሲመረምር ከሽያጭ ጋራ የማይገናኝ 170,000 ብር ያገኛል። ነጋዴው ከፋዩ ድርጅት የሰጠውን፥ ሽልማቱንና የተቀነሰውን ግብር የሚያሳየውን ወረቀት ካላቀረበ፥ ገንዘቡ ያልታወቀ ሽያጭ ነው ተብሎ እንደ ገና ግብር ሊታሰብበት ይችላል። አንድ ጊዜ የተከፈለ ግብር በአንዲት ወረቀት መጥፋት ምክንያት ሁለተኛ ይከፈላል ማለት ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለዚህ ዐይነቱ ነገር የተነገረ ይመስላል። ወረቀቱ ይቀመጥ፤ ገንዘቡም «ባለቤቱ የጨመረው ካፒታል» ተብሎ ይመዝገብ።

6ኛ/ ባለ መደብሩ ራሱ አጫዋች ሲሆን

ብዙ ባለ ሱቆች ሎተሪ ይሸጣሉ፤ አንዳንዶቹም ከውርርድ ድርጅቶች ጋራ በወኪልነት ይሠራሉ። ወኪሉ የሚያገኘው ኮሚሲዮን የዕድል ገቢ አይደለም፤ የሠራበት ዋጋ ነውና በሠንጠረዥ «ሐ» ከንግድ ገቢው ጋራ ይደመራል። ለዚህ ሥራ ያወጣው ተገቢ ወጪም ይቀነስለታል። የቲኬቱ ሽያጭ ገንዘብ ግን የድርጅቱ አደራ እንጂ የሱቁ ሽያጭ ስላልሆነ ለብቻው መመዝገብ አለበት።

ዕቃውን ለማስተዋወቅ «ይህን ያህል የገዛ ዕጣ ይገባለታል» ብሎ ማስታወቂያ የሚያወጣ ነጋዴም እንዲሁ በቸልታ የሚታይ ሥራ አልጀመረም። እንዲህ ያለው ዕጣ ራሱ ሎተሪ ነውና አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሽልማቱን የሚሰጠው ሰው ግብሩን ቀንሶ የማስቀረት ግዴታ አለበት፤ ሳይቀንስ ቢቀር ግብሩ ከራሱ ኪስ ሊጠየቅ ይችላል። ያለ ፈቃድ በጓዳ የሚካሄድ የካርታ ቁማር ደግሞ ከግብር ጥያቄ አልፎ የወንጀል ጥያቄ የሚያመጣ ነው። የንግድ ፈቃዱን የሚወድ ሰው መደብሩን ለዚህ ሊያውለው አይገባም።

7ኛ/ ዕቁብ የዕድል ሙከራ ነውን?

በዕቁብም ዕጣ ይወጣልና ይህ ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሣል። ዐሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 5,000 ብር ቢጥሉ፥ ዕጣው በየወሩ 60,000 ብር ይሆናል። እያንዳንዱ ዕቁብተኛ በዓመቱ መጨረሻ 60,000 ብር ጥሎ 60,000 ብር ተቀብሏል። ዕጣው የሚወስነው ማን አስቀድሞ እንደሚቀበል እንጂ ማን እንደሚያተርፍና ማን እንደሚከስር አይደለም። የአንዱ ማግኘት የሌላው ማጣት አይደለምና፥ ዕቁብ የቁጠባና የመበዳደር ሥርዓት ነው እንጂ የዕድል ሙከራ ሊባል አይገባውም። ሆኖም ዕቁብ የወጣለት ነጋዴ ገንዘቡን ወደ ባንክ ሲያስገባ ከየት እንደ መጣ የሚያስረዳ የዕቁብ ደብተር ወይም የሰብሳቢው ማረጋገጫ ቢይዝ ይበጀዋል። የዕቁብ መዋጮም ወጪ አይደለም፤ ገና የሚመለስ የገዛ ገንዘብ ነው።

8ኛ/ ሌሎች አገሮች እንዴት ይሠራሉ?

በብሪታንያ በውርርድ የሚያገኘው ሰው የገቢ ግብር አይከፍልም። እ.ኤ.አ. በ1925 አንድ የእንግሊዝ ዳኛ፥ ኑሮውን በፈረስ እሽቅድምድም ውርርድ ያቋቋመ ሰው እንኳ ነጋዴ ሊባል አይችልም ብሎ ፈርዷል። ለዚህ ፍርድ ዋጋው ኪሳራውም የማይቀነስ መሆኑ ነው፤ መንግሥቱም ቀረጡን የሚቀበለው ከአወራራጁ ድርጅት ነው።

በአሜሪካ ግን ያገኘ ሁሉ ይከፍላል። ያጣ ሰው ኪሳራውን በማስረጃ አስደግፎ መቀነስ ቢችልም ከትርፉ በላይ ሊቀንስ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣ ሕግ ደግሞ ከ2026 ጀምሮ የሚቀነሰው የኪሳራው 90 በመቶ ብቻ እንዲሆን ተወስኗል። ስለዚህ በዓመት 100,000 ዶላር አግኝቶ 100,000 ዶላር ያጣ ሰው፥ በእጁ ምንም ሳይቀር በ10,000 ዶላር ላይ ግብር ይታሰብበታል። በሕንድ ግብሩ 30 በመቶ ሲሆን ምንም ዐይነት ኪሳራ አይቀነስም።

ከሁሉ ይልቅ ለመተማ ነጋዴ የሚቀርበው ግን የሱዳን ነገር ነው። ከገላባት ወዲያ ያለው አገር እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው የወንጀል ሕግ ቁማርን የሚያስቀጣ ድርጊት አድርጎ ደንግጓል። በአንደኛው የድንበር ወገን በፈቃድ የሚሸጥ ቲኬት በሌላው ወገን ለያዘው ሰው ችግር ሊያመጣ እንደሚችል ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነጋዴ ሊያስብበት ይገባል።

9ኛ/ ማጠቃለያ

ከዚህ ትምህርት ነጋዴው በአእምሮው ሊይዛቸው የሚገቡት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

ሀ/ በዕድል ሙከራ የተገኘ ገንዘብ ግብር የሚከፈልበት በጠቅላላው መጠን ነው፤ ግብሩን ቀንሶ የሚያስገባው ከፋዩ ነው።

ለ/ በዕድል ሙከራ የጠፋ ገንዘብ ከዕድል ገቢም ሆነ ከንግድ ትርፍ ላይ አይቀነስም።

ሐ/ በዋጋ መውረድ የደረሰ የንግድ ኪሳራ ቁማር አይደለም፤ በማስረጃ ከተደገፈ ይቀነሳል።

መ/ ከካዝና ለጨዋታ የተወሰደ ገንዘብ ባለቤቱ ለግል የወሰደው ተብሎ ይጻፋል እንጂ በወጪ ስም አይደበቅም።

ሠ/ የሽልማትና የተቀነሰ ግብር ማስረጃ እንደ ንግድ ደረሰኝ ተጠብቆ ይቀመጣል።

እነዚህን አምስት ነገሮች ያየ ሰው ሕጉ ተጫዋቹን በምንም በኩል እንደማያግዘው ይረዳል። ሲያገኝ መንግሥት ተካፋዩ ነው፤ ሲያጣ ግን ብቻውን ነው። በሰሊጡ ላይ የከሰረ ነጋዴ ቢያንስ ከግብሩ የሚቀነስለት ማስረጃና በሚመጣው መኸር የሚያገለግለው ልምድ በእጁ ይቀራል። በውርርድ የከሰረ ግን ለመዝገቡም ሆነ ለሚመጣው ዓመት የሚያተርፈው ነገር የለም። ስለዚህ ሊወራረድ የወደደ ሰው ቢኖር፥ ካፒታሉን ሳይነካ፥ ቢጠፋ ከማይጎዳው ከግል ኪሱ ያድርገው፤ የመደብሩ ገንዘብ ግን ለዕቃ መግዣ፥ ለሠራተኛ ደመወዝና ለግብር የተመደበ መሆኑን አይርሳ።